ዘጠኝ ቀን በቦርሳዬ የዋለ የራሴ ደብዳቤ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው ሰዎች ጥቂት ነን፤ አስቀድሜ ላስተዋውቅ። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ተላላኪ፣ ዕድሜዬ በመዝገብ ስድሳ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት አብራኝ የኖረች፣ በግ ማድለብ የምታውቅበት፣ እኔን ማለዘብ ግን ያልሆነላት። ሦስተኛዋ የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ እዚሁ ሞላሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። አራተኛው የቢሯችን ኃላፊ ነው፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል፣ በሥራ ግን አለቃዬ። አምስተኛው አንድ ወጣት የጤና መኮንን ነው። እሱን ያየሁት ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን እንዲናገር ፈቅጄለት ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ስማቸውን አልጽፍም። ከእነሱ ማንም አላጠፋም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጊዜው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ዓሥራ ሦስት ዓመት ያህል የቆየበት፣ ወሩም የሁዳዴ ጾም መጀመሪያ ነበር። ስድሳ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ጡረታ ይወጣል። ነገር ግን ቢሮው ከፈለገውና ሐኪም «ሥራውን መሥራት ይችላል» ብሎ ከጻፈለት አንድ ዓመት ይራዘምለታል። ቢሮው ፈለገኝ። የቀረው የሐኪሙ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ከተበላሸ ሥራው ይቀራል፤ ሥራው ከቀረ ደግሞ ብስክሌቷ የመንግሥት ናትና ለሌላ ሰው ትሰጣለች። እውነቱን ለመናገር ከደመወዙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የብስክሌቷ ነገር ነበር። ከሁለቱም በላይ የሚያስፈራኝን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እኔ የምፈራው ምርመራውን ራሱን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ራቤል ላይ የሚኖር ጠንካራ ገበሬ ነበር። ሆዴን ትንሽ ቆረጠኝ ብሎ በእግሩ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። መርምረው ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱ ከተነበበለት ቀን ጀምሮ እህል እምቢ አለው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ቀበርነው። በሽታው ቀድሞም በውስጡ እንደነበረ አሁን ይገባኛል። ያን ጊዜ ግን የገደለው ወረቀቱ ይመስለኝ ነበር። ልጆቼ እንዲህ ብለው ቢያስቡ በቁጣ እነሣባቸው ነበር፤ እኔው ግን ይህንኑ ሐሳብ በሆዴ ይዤ ብዙ ዓመት ኖርኩ።

እኔ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተላላኪ ሆኜ ስቀጠር ማንበብ አልችልም ነበር፤ ፖስታዎቹን በማኅተማቸውና በቀለማቸው እየለየሁ ነበር የማደርሰው። አንድ ቀን የቀየት ቀበሌን ደብዳቤ ለሌላ ቀበሌ ሰጥቼ በሰው ፊት አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት ሌላው ሲበላ እኔ ከቅርጫት የተጣለ ረቂቅ እያወጣሁ ፊደል ስለቅም ዋልኩ፤ በዓመቱ ማንበብ ቻልኩ። ብስክሌቷም እንዲሁ ናት። ለቢሯችን አንዲት ጥቁር የቻይና ብስክሌት ስትመደብ የሚነዳት ጠፋ። ወጣቶቹ አንድ ጊዜ ወድቀው ተዉአት። እኔ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ገበያ በማይቆምበት ቀን ወደ ገበያው ሜዳ እየገፋኋት ብቻዬን ስወድቅና ስነሣ ሰነበትኩ። የጉልበቴ ጠባሳ ዛሬም አለ። በሁለተኛው ሳምንት ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ጎማ ሲተነፍስ ለጥፌ፣ ካቴና ሲበጠስ ቀጥዬ፣ ፍሬን ሲላላ አጥብቄ ለዓሥራ ሁለት ዓመት ደብዳቤ አደረስኩ። የክረምት ጭቃ ካልያዘኝ በቀር ዳገት ላይ ወርጄ አልገፋሁም። የሃያ ዓመት ጎረምሶች በባዶ እጃቸው በሚያለከልኩበት መንገድ እኔ ዳዊት እየደገምኩ እወጣ ነበር። ይህን የምለው ለመኩራት ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ቢኮራ ነውር አይመስለኝም።

በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለት ሕግ ነበረኝ። የታሸገ ደብዳቤ አልከፍትም፤ የተሰጠኝን ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ አስፈርሜ አስረክባለሁ። ልጆቼንም ያሳደግኩት በዚሁ ነው።

የምርመራው ቀን ማክሰኞ ነበር። ላቦራቶሪ ያለው ጤና ጣቢያ ከእኛ ወደ ሰሜን በብስክሌት ሁለት ሰዓት ተኩል ይርቃል። መኪና አልጠፋም፤ ግን ለጤና ምርመራ በመኪና መሄድ ገና ሳይነኩ መሸነፍ መስሎ ታየኝ። ሐኪሙ በመስኮት አይቶኝ «የሚመረመሩት እኚህ ናቸው እንዴ?» እንዲል ፈለግኩ። ጾም ስለነበረ ውኃ በአፌ አልዞረም። የጓሳው ሜዳ ሣር በውርጭ ነጥቶ ተኝቷል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታኛል። ያንን መንገድ በሁለት ሰዓት ጨረስኩት። ስደርስ ሸሚዜ ከጀርባዬ ጋር ተጣብቆ ነበር።

የጤና መኮንኑ ክንዴ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ መንፋት ጀመረ። ጨርቁ እየጠበቀ ሲሄድ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

«አባባ፣ ይረጋጉ» አለኝ።

«ተረጋግቻለሁ።»

«ግፊትዎ ግን እንደዚያ አይልም። እስቲ ትንሽ አረፍ ይበሉና እንደገና እንለካለን።»

እንደገና ለካ፤ ብዙም አልወረደም። ከዚያ ብልቃጥ ሰጠኝና ሽንቴን ሰጠሁ። ላቦራቶሪው ፊት ለፊት ካለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። የላቦራቶሪው ሰው በማይክሮስኮፑ ሲያይ ቆየና የጤና መኮንኑን ጠራው። ተራ በተራ አጎንብሰው አዩ። አንደኛው «ዕድሜያቸው ስንት ነው?» ሲል ሰማሁ። ሌላውን አልሰማሁም፤ ለእኔ ግን ያቺው በቃችኝ። ወንድሜ ትዝ አለኝ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ የጤና መኮንኑ ማኅተም ያረፈበት የታሸገ ፖስታ ይዞ ወጣ።

«አባባ፣ ይኸው። ውጤቱን ላስረዳዎት፤ ሽንትዎ ላይ...»

«ደብዳቤው ለማን ነው?» ብዬ አቋረጥኩት።

«ለመሥሪያ ቤትዎ ነው። ጉዳዩ ግን የእርስዎ ስለሆነ...»

«ለመሥሪያ ቤት የተጻፈ የሚነገረው ለመሥሪያ ቤት ነው። እኔ አድራሽ ነኝ። የት ጋ ልፈርም?»

ወጣቱ ግራ ገባው። «አባባ፣ ቢሰሙት ይሻላል እኮ» አለ።

«የእኔን ሥራ ሕግ አንተ አታስተምረኝም» አልኩት።

«እሺ፤ እንደ ፈቀዱ። ብቻ ዛሬውኑ ይከፈት፤ ቀን የተቆረጠበት ነገር አለው።»

ፈርሜ ወጣሁ። ያን ጊዜ ሕግ ያከበርኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ሕጉን የጠራሁት ለመሸሸጊያ ነው። ልጁ ያችን ዓረፍተ ነገር እንዳይጨርስ ነበር የፈለግኩት። ፍርሃቱን በሕግ የሚሸፍን ሰው ከተራ ፈሪ ይብሳል፤ ምክንያቱም የሚያመሰግነው አያጣም።

ሞላሌ ስደርስ ቢሮው ገና ክፍት ነበር። ከበሩ ፊት ፍሬን ልይዝ እጄን አቀረብኩ፤ አልያዝኩም። አልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። «ነገ ጠዋት አስረክባለሁ» አልኩ ለራሴ። በዓሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከእኔ ጋር ያደረ የመጀመሪያው ደብዳቤ ያ ነው።

ረቡዕም አላስረከብኩም፤ ሐሙስም አላስረከብኩም። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩ ቁጥር ያች ፖስታ ከሌሎቹ ሁሉ የምትከብድ ይመስለኝ ነበር። ፍርሃቱን የማስታግስበት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ መንዳት። ፔዳል ላይ ሳለሁ ሐሳብ አይደርስብኝም። ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ አብዝቼ ነዳሁ። ሌላ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን የምሄድበትን ቀየት በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ሄድኩ። አንድም ጠብታ ውኃ ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እነዳለሁ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ እመለሳለሁ። «የታመመ ሰው እንዲህ አይነዳም» እላለሁ። ዳገቱን ጨርሼ ቁልቁለቱ ሲመጣ ግን ሐሳቡ ይደርስብኝና ፍሬኑን ያለ ልማዴ አጥብቄ እይዛለሁ።

አንድ ቀን መንገድ ዳር ቆሜ ፖስታዋን ወደ ፀሐይ አነሣኋት። ወረቀቱ በሦስት ታጥፎ ስለነበር አንድም ፊደል አልታየኝም። ዞር ብዬ ሰው እንዳላየኝ አረጋገጥኩ። ያየኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ግን ራሴን አየሁ። ይህን የምጽፈው ለልጆቼ ነው፤ አባታቸው ያን ቀን የቆመበትን ቦታ እንዲያውቁ።

ቤት ውስጥም አመሌ ተለወጠ። የግብር ደረሰኞችን አወጣሁ፤ የመሬቱን ወረቀት ለባለቤቴ አሳየኋት፤ የዕድር መዋጮ እስከ የትኛው ወር እንደከፈልኩ ነገርኳት። የበጎቹን በረት ካብ እንደገና ካብኩት። እሷ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትሞት ነው ወይስ ልትኮበልል?» አለችኝ።

«ሰው ቤቱን ማስተካከል የለበትም?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ያልተስተካከለ ቤት በጾም መግቢያ ምን ነካህና? ያ ምርመራ ምን አለ?»

«ወረቀቱ ለቢሮ ነው የተጻፈው» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ዐርብ ዕለት ኃላፊው ጠራኝ። «ጋሼ፣ የጤና ወረቀትዎ አልመጣም እንዴ? የሚቀጥለው ዐርብ የሠራተኛ ዝርዝር ወደ ዞን ይላካል። እርስዎ ሳይካተቱ ከተላከ እኔ እንኳ ልመልስዎ አልችልም።»

ቦርሳው ትከሻዬ ላይ ነበር። ፖስታዋ ከጎኔ ጋር ተጣብቃለች።

«አልደረሰም» አልኩ።

«ያመጡታል ብዬ ነበር እኮ፤ አድራሹ እርስዎ ነዎት» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስለ ደብዳቤ የዋሸሁት የመጀመሪያ ውሸት ነው። ቀላል ሆኖ ወጣ፤ ያስደነገጠኝም ቀላል መሆኑ ነው።

በዘጠነኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሐሙስ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ለርእሰ መምህሯ የመጣ ደብዳቤ ካለ ብላ ቦርሳዬን ከፈተች። ልማዷ ነው፤ ከልክያት አላውቅም። እኔ በጓሮ የብስክሌቷን ካቴና ዘይት እቀባ ነበር። ፖስታዋን ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ይህ የቢሮ ደብዳቤ ነው። በላዩ የተጻፈው ቀን ያለፈው ማክሰኞ ነው፤ ከትናንት ወዲያም አይደለም፤ ያለፈው ሳምንት።»

«አስቀምጪው።»

«ጉዳዩ የሚለው የእርስዎን ስም ነው። ታመዋል?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልሰጧቸውም?»

ጣቶቼን በዘይቱ ጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚች ልጅ ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ነበር። እሷም ጠበቀችኝ። እንደኔ ጠብቆ ማስጨነቅ ታውቅበታለች።

«ፈርቼ ነው» አልኳት።

ፊቷ ልክ መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዳየች ሰው ሆነ። ቀጥላ ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ አላጽናናችኝም።

«ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ» አለች፣ «የአስተማሪዬን ደብዳቤ ለእርስዎ ማድረስ ረስቼ ሁለት ቀን ደብተሬ ውስጥ ሲቀመጥ ምን አደረጉኝ? በሰኔ ዝናብ እስከ አስተማሪዬ ቤት መልሰው ወስደው በሯ ላይ አቁመው ይቅርታ አስጠየቁኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ነበር። እርስዎም አብረውኝ ይረጠቡ ነበር፤ ጥላ እንኳ አልያዙም።»

«ልክ ነበርኩ» አልኳት።

«ልክ ነበሩ። ይነሡ።»

ፖስታውን ልትከፍተው ትችል ነበር፤ እኔም ብትከፍተው ባልተቆጣሁ ነበር። አልከፈተችውም። «የቢሮው ነው» አለች። በሕይወቴ ብዙ ነገር አኩርቶኛል፤ ያች ልጅ የአባቷን ዕጣ በእጇ ይዛ ማኅተሙን ሳትነካ የቆመችበትን ያህል ያኮራኝ ግን የለም። ብስክሌቷን እየገፋሁ፣ እሷ ከጎኔ፣ ወደ ቢሮ ሄድን።

ኃላፊው ሊወጣ ሲል አገኘነው። ፖስታዋን አስረከብኩት፤ መዝገቡ ላይ እንዲፈርምልኝ ጠየቅኩት። «የደረሰኝ ያለፈው ማክሰኞ ነው። ዐርብ ዕለት የነገርኩህ ውሸት ነበር» አልኩት። እያየኝ ከፈተው። ልጄ ፊት «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብበው» አልኩት። አነበበ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። ሽንቴ ላይ ደም ታይቷል ይላል። ሠራተኛው በብስክሌት ረጅም መንገድ ነድተው፣ ውኃ ሳይጠጡ፣ ላብ በላብ ሆነው ስለመጡ ይህ ከድካም የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ከብስክሌት ዐርፈው፣ ውኃ በደንብ እየጠጡ፣ እስከሚመጣው ማክሰኞ ተመልሰው ይመርመሩ፤ ከረቡዕ ጀምሮ የላቦራቶሪው ባለሙያ ለአንድ ወር ሥልጠና ይሄዳል። በዚያው ላይ የደም ግፊቴም እንደገና ይታይ ይላል።

ማክሰኞው ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖታል። እረፍ በተባልኩበት ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀየት ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ውኃ ጠጣ በተባልኩበት ሳምንት ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል። ያ ልጅ ሊነግረኝ አፉን ከፍቶ የነበረው ይህንን ነበር። ደብዳቤው የሞት ደብዳቤ አልነበረም፤ ምክር ነበር። እኔ ነኝ በቦርሳዬ ይዤ የሞት ደብዳቤ ያደረግኩት።

«ጋሼ፣ ዝርዝሩ እኮ ነገ ነው የሚላከው» አለ ኃላፊው። ሊወቅሰኝ ይችል ነበር። ቁልፉን አነሣና ወደ ስልክ ቤት ሄደ፤ በራሱ ገንዘብ ዞን ደውሎ እስከሚመጣው ረቡዕ ጠዋት እንዲጠብቁት ለመነ። የቀረን አንድ መንገድ ነበር፤ ሦስት ቀን አርፌ ሰኞ ደብረ ብርሃን ወርጄ በግል ክሊኒክ መመርመር።

እነዚያ ሦስት ቀኖች ከዘጠኙ ቀን ከበዱኝ። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ ከዚያ በበግ ገመድ ብስክሌቷን ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰረቻት። ቋጠሮዋን እኔ ራሴ መፍታት አልቻልኩም።

«ልፈታት አይደለም፤ ዘይቷን ልጨርስላት ነው» አልኳት።

«እሷ ዘይት አትጠጣም፤ አንተ ውኃ ጠጣ» አለችኝ።

የውኃው ነገር ደግሞ የጾም ጣጣ አለበት። ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። «አባቴ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንድጠጣ ሐኪም አዝዟል» አልኳቸው።

«የታመመ ይጠጣል» አሉኝ።

«አልታመምኩም።»

«ካልታመምክ ምን ልታደርግ ትመረመራለህ?»

«ሂድ ጠጣ» አሉኝ፤ «ጾሙ ለትዕቢት አይደለም የታዘዘው።» ይህች ቃል ከሐኪም መርፌ ይልቅ ወጋችኝ፤ የሚገባኝም ነበር።

በገበያ ቀን ባለቤቴ ለፋሲካ ስታደልበው የነበረውን ሙክት ጎትታ ወጣች። ሁዳዴ ገና መግባቱ ነውና ሙክት የሚፈልግ የለም፤ ባገኘችው ዋጋ ሸጠችው። ስትመለስ ብሩን በመሐረቧ ቋጥራ ያዘች እንጂ ለእኔ አልሰጠችኝም።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ ልጄ «ደብዳቤ ብቻውን ከእርስዎ ጋር አይላክም» አለች። ተሳፋሪው ሰማ፤ ትርጉሙን ግን እኛ ብቻ ነበርን የምናውቀው። እንዲህ ያለ ቀልድ በእኔ ላይ የቀለደ ልጅ አልነበረኝም። ደግሞም አልከፋኝም።

ደብረ ብርሃን አድረን ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ክሊኒኩ ገባን። ብልቃጡን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። አልመጣ አለኝ። በሌሊት ተነሥቼ ሦስት ጣሳ ውኃ የጠጣሁ ሰው ነኝ፤ ሰውነቴ ግን በፍርሃት እንደ ቋጠሮ ታስሯል። ቆየሁ። ባለቤቴ በሩን አንኳኳች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙክቴን የሸጥኩት ለዚህ ነው እንዴ? ፍጠን እንጂ!»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ውስጥ ሆኜ ሳቅኩ። ያን ጊዜ መጣልኝ።

የምትመረምረኝ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ ሳያት ቅር ብሎኝ ነበር፤ ትልቅ ሰው ጠብቄ ነበር። ክንዴ ላይ ጨርቁን ጠመጠመች። ልቤ ወደ ጆሮዬ መውጣት ጀመረ። እሷ ግን መንፋቱን ትታ «አባቴ፣ በብስክሌት ነው የሚሠሩት ብላኛለች ልጅዎ። ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«እለጥፈዋለሁ።»

«እንዴት?»

ነገርኳት። ቀዳዳው የት እንዳለ በውኃ ወይም በምራቅ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ጎማው በአሸዋ ወረቀት እንዴት እንደሚታሽ፣ ማስቲሹ ሳይደርቅ የለጠፈ ሰው ሁለት ጊዜ እንደሚለጥፍ በነጻው እጄ እያሳየሁ ነገርኳት። መንገድ ላይ ትዕግሥት የሌለው ሰው ብስክሌት መያዝ የለበትም አልኳት። ስጨርስ ጨርቁን እየፈታች ነበር።

«መቶ ሃያ በሰባ አምስት» አለች። «ይህ የእርስዎ ግፊት ነው። የመጀመሪያው የፍርሃትዎ ነበር።»

እስክትነግረኝ ድረስ መለካቷን አላወቅኩም ነበር።

ከአምስት ሰዓት በፊት የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ለቢሮ ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሣ «ከመጻፍሽ በፊት ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት። «ባለቤቴም ልጄም ይስሙ። ሁሉንም ንገሪኝ።» እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኩ።

«ደም የለም» አለች። «ኩላሊትዎ ደህና ነው፤ ልብዎም ጤነኛ ነው፤ ብዙ ወጣቶች ይህን ልብ ባገኙ። ያ የታየው ሳይጠጡ ያንን ሁሉ ዳገት በመንዳትዎ ነው። ይንዱ፤ ብቻ ውኃ ይጠጡ። በየዓመቱም ይታዩ፤ ሳይነዱ መጥተው።»

ባለቤቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ልጄ በእጇ ሸፈነቻት። እኔ ተነሥቼ ለሐኪሟ እጅ ነሣሁ። የደስታዬ ትልቁ ክፍል ጤነኛ መሆኔ አልነበረም፤ ያ ከእግዚአብሔር ነው፤ የእኔ ድርሻ አይደለም። የእኔ ድርሻ አንድ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ መስማቴ። ስድሳ ዓመት ፈጀብኝ፤ ግን አደረግኩት። በዚህ እኮራለሁ።

በስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ ተነሣን። ሞላሌ ስንደርስ ቢሮ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ቀርቶት ነበር። ባለቤቴና ልጄ ዕቃውን ይዘው ገና ሳይወርዱ እኔ የታሸገውን ፖስታ ይዤ በእግሬ ሮጥኩ። መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ብስክሌቷን ምን ነካት እያለ ጠየቀኝ። አስረከብኩ፤ አስፈረምኩ። ኃላፊው አንብቦ ዓመቱ መራዘሙን ነገረኝ።

«አሁን ደግሞ ቅጣቴን ጻፍልኝ» አልኩት።

«የምን ቅጣት?»

«ዘጠኝ ቀን ደብዳቤ ይዣለሁ፤ ተጠይቄም ዋሽቻለሁ።»

«ጋሼ፣ የራስዎ ደብዳቤ እኮ ነው፤ ማን ይጠይቅዎታል?»

«ተፈርሞበት እስኪገባ ድረስ የቢሮው ነው። ነገ ሌላው ተላላኪ እንዲህ ቢያደርግ ምን ትለዋለህ?»

ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የሦስት ቀን ደመወዝ ቀጣኝ። የማዘዣውን ወረቀት እኔው ራሴ ወደ ሒሳብ ክፍል ወሰድኩት።

ደብዳቤውን በዕለቱ አስረክቤ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው በሁለት ምርመራ፣ በሃያ አራት ብር ነበር። የሆነው ግን እንዲህ ነው፤ ለመጀመሪያው ምርመራ ዓሥራ ሁለት ብር፣ ኃላፊው ከኪሱ ለስልክ ሰባት፣ የሦስታችን የአውቶቡስ ደርሶ መልስ መቶ አርባ አራት፣ አልጋ ሃያ፣ ምግብ ሠላሳ ስምንት፣ ክሊኒኩ ስድሳ አምስት፣ ከልጄ ደመወዝ የተቆረጠው የሁለት ቀን አርባ ስድስት፣ ባለቤቴ ሙክቷን ያለ ጊዜው ሸጣ የከሰረችው አርባ፣ የእኔ ቅጣት ሠላሳ። የሁላችንም አንድ ላይ ሲደመር አራት መቶ ሁለት ብር።